እኩሉን ለባለመሬቱ የሚሰጠው አጎቴ ሥርዓቱን ከባለመሬቱ በላይ የሚሟገትለት ለምንድን ነው? ጠባይ ነው?

ጠያቂ፦ መምህሩ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ጥያቄዬ ግን ከመማሪያ መጽሐፉ ሳይሆን ከእናቴ ወንድም የመጣ ነው።

አጎቴ የሚኖረው መንዝ ነው፣ ከሞላሌ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ። የራሱ ይዞታ ስለማይበቃው የሌላ ሰው መሬት በእኩል ያርሳል። ባለመሬቱ መሐል ሜዳ ከተማ ወፍጮ ቤት አለው። አጎቴ በገዛ በሬዎቹ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል፣ ያጭዳል፣ ይከምራል፣ ያበራያል። ባለመሬቱ የአውድማው ዕለት ጋቢውን ተከናንቦ ይመጣና ካቡ ላይ ይቀመጣል።

ለጥምቀት ሄጄ ክፍፍሉን በዓይኔ አየሁ። ገብሱ በመንሽ ተዘርቶ ንጹሑ ምርት መሐል ላይ ተከምሯል። አጎቴ ተንበርክኮ በቁና ይሰፍራል፤ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ። ቁናውን በሞላ ቁጥር አፉን በክንዱ ጠረግ አድርጎ ያስተካክላል፤ ለባለመሬቱ ሲሆን ግን አይጠርገውም፣ እንደ ተቆለለ ይገለብጠዋል። በመጨረሻ ቁና የማይሞላ ትራፊ ተረፈ። እሱንም ያለ አንዳች ቃል ወደ ባለመሬቱ ክምር ገፋው።

ማታ ምነው ብዬ ጠየቅሁት፤ ልፋቱ ሁሉ የአንተ፣ ትራፊው እንኳ ለምን የእሱ ይሆናል? ተቆጣ። «አምስቱ ጣቶች እኩል አይደሉም። መሬቱ የእሱ ነው፤ ያባቶቻችን ሥርዓት ነው። እናንተ ስትማሩ ሰላም ትጠላላችሁ» አለኝ። የሚገርመው ባለመሬቱ በበኩሉ ቀኑን ሙሉ ሲያማርር ነው የዋለው፦ እኩል አያዋጣም፣ የመሬት ሕጉ አይረባም፣ መሬት መሸጥ መለወጥ መፈቀድ አለበት እያለ። የሚጠቀመው ሰው ሥርዓቱን ያማል፤ ላቡን የሚያፈሰው ይሟገትለታል።

ከአጎቴ ልጆች አንዱ ከተማ ሠርቶ ያጠራቀመው ገንዘብ ስላለው «መሬቱን ለሦስት ዓመት በኮንትራት እንያዝ፣ ምርቱ ሙሉ በሙሉ የእኛ ይሁን» ብሎ ነበር። አጎቴ እምቢ አለ። በነገራችን ላይ ሞባይል የያዘውም ልጆቹ ገዝተው ኪሱ ውስጥ ስለ ከተቱለት ነው፤ አዲስ የገብስ ዘር ሲመጣ በቀበሌው የመጨረሻው ሰው እሱ ነው።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ አዲስ ነገር የማይወድ ጠባይ ያለው ሰው፣ ቢጎዳውም እንኳ፣ ያለበትን የኢኮኖሚ ሥርዓት ለመከላከል የተሠራ ነው ማለት ይቻላል? በዚህ ላይ የተጠና ነገር አለ?

መልስ 1፦ የሥነ ልቦና አስተማሪ

የተጠና ነገር አለ፤ ብዙም አከራክሯል።

ጆን ጆስት እና ማህዛሪን ባናጂ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 (እ.ኤ.አ.) ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ ሰዎች ራሳቸውንና ወገናቸውን ብቻ ሳይሆን የሚኖሩበትን ሥርዓት ጭምር ትክክል አድርገው ማየት ይፈልጋሉ ይላል። የምኖርበት ዓለም ፍርደ ገምድል ነው ብሎ በየማለዳው መነሣት ስለሚከብድ «እንዲህ መሆኑ ልክ ነው» ማለት ያሳርፋል። ከዚያ በፊት ሜልቪን ለርነር በ1966 (እ.ኤ.አ.) ከአንዲት ባልደረባው ጋር ባሳተመው ሙከራ ተሳታፊዎቹ አንዲት ሴት በኤሌክትሪክ ስትሠቃይ አዩ፤ በእርግጥ እያስመሰለች ነበር። ሊያስጥሏት እንደማይችሉ ሲያውቁ ሴትየዋን ራሷን ማጣጣል ጀመሩ። ዓለም ፍትሐዊ ናት የሚለውን እምነት ከመተው ተጎጂዋን መውቀስ ቀለላቸው።

በኋላ ጆስት እና ኤሪክ ቶምፕሰን በ2000 (እ.ኤ.አ.) ይህን በኢኮኖሚ ረገድ የሚለካ መጠይቅ አወጡ። ተጠያቂው «ተግቶ የሠራ ሰው የሚፈልገውን ማግኘቱ አይቀርም» በሚሉ ዓይነት ዐረፍተ ነገሮች መስማማት አለመስማማቱን ይሞላል። የአጎትህ «አምስቱ ጣቶች» ሳይተረጎም ቢገባበት የሚያምር ይመስለኛል።

ስለ ጠባይ፦ የሰውን ጠባይ በአምስት ዘርፍ የሚለካው ዘዴ ውስጥ ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን የሚባለው ዘርፍ ዝቅ ያለባቸው ሰዎች ነባሩን ወደ መጠበቅ ያደላሉ፤ ሥርዓትና ጥንቃቄ የሚወዱትም እንዲሁ፣ ግን በደከመ መጠን። በ2003 (እ.ኤ.አ.) ጆስትና ባልደረቦቹ ከ12 አገሮች የተሰበሰቡ 88 ናሙናዎችን አንድ ላይ አድርገው አይተው ለውጥን መፍራት፣ ግልጽ ያልሆነ ነገርን አለመታገሥና የመሳሰሉት ከወግ አጥባቂነት ጋር እንደሚሄዱ ጽፈዋል። ስለዚህ ለጥያቄህ የመጀመሪያ ክፍል መልሱ «አዎ፣ በመጠኑ» ነው።

ሁለተኛው ክፍል ግን፣ «ቢጎዳውም እንኳ» ያልከው፣ የሚንሸራተተው እዚያ ላይ ነው። የተጎዱት ከተጠቀሙት ይልቅ ሥርዓቱን ይደግፋሉ የሚል ግኝት በ2003 (እ.ኤ.አ.) ታትሞ ነበር። ማርክ ብራንት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ከ150 ሺህ በላይ ሰዎች መልስ ይዞ ሲፈትነው ግን በአብዛኛው አልጸናለትም። በ2014 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ አሪየል ማልካና ባልደረቦቹ የ51 አገሮችን መረጃ አይተው፣ ዋስትናና እርግጠኝነትን የሚሹ ሰዎች በባህል ጉዳይ ወግ አጥባቂ ቢሆኑም በኢኮኖሚ ጉዳይ ብዙ ጊዜ መንግሥት እጁን እንዲያስገባ የሚፈልጉ ሆነው አገኟቸው። ስለዚህ ጠባዩን ስላወቅህ ብቻ የትኛውን የኢኮኖሚ ሥርዓት እንደሚደግፍ አታውቅም።

መልስ 2፦ ተመልካች

ምን ጥናት ያስፈልገዋል? «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባለ ያደገ ሕዝብ ባለመሬት ይከሳል ብለህ ነው?

መልስ 3፦ ጡረተኛው የግብርና ሠራተኛ

ልጄ መምህር፣ ሰላምታዬ ይድረስህ። ከመንዝ እስከ ይፋት በልማት ሠራተኛነት እየተዘዋወርኩ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። የሥነ ልቦናው አስተማሪ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ። «ተመልካች» ለተባልከው ወንድሜ ግን አንድ ነገር ልበል፦ የእኛ አገር ገበሬ ንጉሥ ባይከስም በመሬት ጉዳይ ወንድሙን፣ አጎቱን፣ የክርስትና አባቱን ሲከስ ኖሯል። የወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ ቁጭ ብለህ አንድ ሳምንት ዋልና ንገረኝ።

አሁን ወደ አጎትህ። አጎትህ ኮንትራቱን እምቢ ያለው አዲስ ነገር ስለማይወድ ነው ብለህ ከመደምደምህ በፊት ሒሳቡን እንይ። በኮንትራት የሚይዝ ሰው ገንዘቡን የሚቆጥረው ሞፈርና ቀንበር ሳያነሣ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ደብረ ብርሃን ላይ ሆነህ ታውቀዋለህ። ነሐሴ ላይ በረዶ አለ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ገብሱ ገና ሳይደርቅ፣ ሌሊቱ ጥርት ብሎ ሰማዩ ኮከብ ብቻ ሲሆን ገበሬው አይተኛም፤ ጠዋት ሲነጋ ማሳው በውርጭ ተቃጥሎ ያገኘዋል። ባቄላ ልዝራ ካለ ደግሞ ቆርምድ አለ፤ ቅጠሉ ላይ እንደ ኪንታሮት እየተነፋ ወጥቶ ማሳውን የሚያጠፋው። በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ሲመጣብን ስሙን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም።

ውርጩ ማሳውን ቢመታ በእኩል የያዘ ሰው ምን ይከፍላል? የባዶ እኩሌታ ባዶ ነው። ልፋቱን ያጣል፣ ዕዳ ግን የለበትም። በኮንትራት የያዘው ግን ገንዘቡ ሄዷል፤ በጎቹን ይሸጣል፣ ከዚያም አልፎ ከበሬዎቹ አንዱ ይሄዳል። ባለ አንድ በሬ ገበሬ ማለት በሚቀጥለው ዓመት የራሱንም መሬት ለሌላ ሰጪ ነው። ልጁ በአማካይ ዓመት የሚገኘውን ትርፍ አስልቶ ይሆናል፤ አባትየው የሚያሰላው የክፉውን ዓመት ነው። ጄምስ ስኮት የሚባሉ ምሁር በ1976 (እ.ኤ.አ.) ስለ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ሩዝ አምራቾች ይህንኑ ጽፈዋል፤ ገበሬው የሚመርጠው ብዙ የሚያስገኝለትን ሳይሆን በክፉ ዓመት የማይጥለውን ውል ነው ብለው። እኔ እሳቸውን ያነበብኩት ከጡረታ በኋላ ነው፤ ነገሩን ግን የመንዝ ገበሬዎች አስቀድመው አስተምረውኛል፣ ያውም የማዳበሪያ ብድር ይዤ ቤታቸው ስሄድ እንዴት እንደሚያዩኝ በማየት።

ትራፊው ቁና ደግሞ ሥጦታ አይመስለኝም። ጠይቀው፤ በሐምሌ ዘር ያነሰው ዓመት ማን አበደረው? ሲታመም ለመኪና ማን ከፈለ? ያ ቁና የዚያ ወለድ ሊሆን ይችላል። ይህን ስል ውሉ ፍትሐዊ ነው ማለቴ አይደለም። ሌላ መድን የሌለው ሰው መድኑን በውድ ይገዛል፤ ከዚያ የገዛውን ዕቃ አያጣጥልም።

ስለ ጠባይ ካነሣን ግን አንድ ሰው ላውጋህ። ስማቸውን አልጠራም። በአንድ ደጋ ቀበሌ ስሠራ በጣም የምግባባቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ነገረኛ፣ ጨዋ፣ ጠላቸውን ሳያስቀምሱ የማይለቁ። በ1967 ዓ.ም. እኔ ተማሪ ስለ ነበርኩ የዚያን ጊዜውን የሰማሁት ከእሳቸው ነው። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ ሲባል፣ ጭሰኛ በበዛበት አገር ሰው እልል ሲል፣ መንዝ ግን የርስት አገር ነውና እሳቸው አዘኑ። ከአያት ቅድመ አያት ተቆጥሮ የሚገኝ መሬት፣ በክርክር ጭምር ያስመለሱት መሬት፣ እንዴት በአንድ ቀን በሬዲዮ ይሻራል አሉ። ርስት የእግዚአብሔር ሥርዓት ነው ይሉ ነበር።

ቆየና የገበሬ ማኅበር ኮሚቴ ውስጥ ገቡ። ማኅበሩ ሲደለድል የደረሳቸውን መሬት ካቡ፣ እርከን ሠሩበት፣ ባሕር ዛፍ ተከሉበት። በ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ መጣ። በደርግ ጊዜ ኮሚቴ የነበረ ሁሉ «ቢሮክራት» ተባለና ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ። እሳቸውም ተቀነሰባቸው። ያኔ ቢሮዬ ድረስ መጥተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «የደርጉ ድልድል ነበር ፍትሐዊው፤ እግዚአብሔርን የፈራ ነበር።» ርስትን የሻረውን አዋጅ ማለታቸው ነው!

ከዚያ በ1990ዎቹ አጋማሽ የይዞታ ደብተር ሊሰጥ መሬት ሲለካ ሽማግሌው ሜትሩን ሲያዩ ግብር ሊጨምሩብን ነው ብለው ሰውን ሁሉ አስጠነቀቁ። ደብተሩ በእጃቸው ከገባ በኋላ ግን በላስቲክ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ከዳዊታቸው ጋር አስቀመጡት። ዳግም ሽግሽግ የሚል ወሬ ያነሣ ሰው በእሳቸው ፊት መቀመጥ አይችልም ነበር።

እንግዲህ መምህር፣ እኒህን ሰው መጠይቅ ብታስሞላቸው አዲስ ነገር አይወዱም ብለህ ትጽፋለህ፤ ልክም ነህ። ግን ጠባዩ ምኑን ነገረህ? ርስትንም፣ የደርግን ድልድልም፣ ደብተሩንም በተመሳሳይ ቁጣ ተከራክረውለታል። ደግሞ አስበው፦ በሕይወታቸው ለውጥ በመጣ ቁጥር ከእጃቸው የሆነ ነገር ተወስዷል። እንዲህ የኖረ ሰው ለውጥን ቢፈራ ከተፈጥሮው ነው ወይስ ከደረሰበት? ይህን የሚለይ መጠይቅ ካለ የሥነ ልቦናው አስተማሪ ይንገሩኝ።

ሌላ ልጨምርና ላብቃ። መንዝ ያለውን የጓሳን የጋራ ሣር ምድር ሄደህ አይተህ ከሆነ፣ ያ ሣር ለዘመናት የተጠበቀው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነበር። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፤ ከቀኑ በፊት የገባ ይቀጣል። ነገር ግን መብቱ የነበረው ዘሩን የአገሩ አቅኚ አባቶች ከሚባሉት ከአስቦና ከጌራ የሚቆጥር ሰው ብቻ ነው። በ1967 ቄሮ ሲፈርስ ባለ መብቶቹ አለቀሱ፣ ውጭ የነበሩት ሣሩን ማጨድ ጀመሩ። ያኔ ጥናት ቢደረግ አንዱ ወገን በሙሉ «ወግ አጥባቂ»፣ ሌላው በሙሉ «ለአዲስ ነገር ክፍት» ተብሎ ይመዘገብ ነበር። ማን ከካቡ ወዲህ፣ ማን ከካቡ ወዲያ እንደ ነበረ መጠይቁ አይጠይቅም። ኋላ ጓሳን እንደገና ለመጠበቅ የተቋቋመው ኮሚቴ ሁሉንም ቀበሌ አቅፎ ስለ ሆነ ነው የቆመው።

መልስ 4፦ የአንኮበር ልጅ

ጋሼ ያሉት ጥሩ ነው፤ ግን ሁላችሁም ባለመሬት ሲባል ጋቢ ለብሶ ካብ ላይ የሚቀመጥ ሀብታም ነው የታያችሁ። እኔ የባለመሬት ልጅ ነኝ። እናቴ ባልዋ የሞተባት፣ በሬ የሌላት፣ ሞፈር መጨበጥ ለሴት ነውር በሆነበት አገር የምትኖር ሴት ናት። መሬቷን በእኩል የሚያርሰው የአባቴ ወንድም ባለ ሁለት ጥማድ በሬ ነው። በእኛ ቤት ሀብታሙ አራሹ ነው፤ ደሃዋ ባለመሬቷ።

አጎቴ የራሱን ማሳ አርሶ ከጨረሰ በኋላ ነው ወደ እኛ የሚመጣው። ስለዚህ መሬታችን ሁልጊዜ ዘግይቶ ይዘራል፣ አረም ይበላዋል። የአውድማው ዕለት እናቴ ጠላና ቆሎ ይዛ ትሄዳለች፣ የሰጧትን ትቀበላለች፣ በሰው ፊት ስትጠየቅ «ያሳደረን እሱ ነው፣ እግዜር ይስጠው» ትላለች። አንድ ተመራማሪ መጠይቅ ይዞ ቢመጣ እናቴን ሥርዓቱን አጥብቃ የምትደግፍ ብሎ መዝግቧት ይሄዳል። ለእኔ ግን ምድጃ ዳር የምትለው ሌላ ነው። ለሌላ አራሽ ብትሰጥ የባልዋ ወገን መሬቱ የወንድማችን ነው ብሎ እንደሚነሣባት ታውቃለች፤ ደብተሩ በስሟ ቢሆንም ምስክር የሚቆምላት ጎረቤት የለም። «ዝም አይነቅዝም» ነው ነገሩ።

ስለዚህ መምህር፣ አጎትህ ያለውን ከመተርጎምህ በፊት ሲናገር አጠገቡ ማን እንደ ነበረ አስተውል።

መልስ 5፦ የሥነ ልቦና አስተማሪ

ለጋሼ፦ አንድ ጊዜ ብቻ በሚሞላ መጠይቅ አይለይም፤ ያንኑ ሰው ለዓመታት እየተከታተሉ መለካት ያስፈልጋል። ደግሞም የጠቀስኳቸው ጥናቶች አብዛኞቹ ተሳታፊዎቻቸው የምዕራብ አገር ሰዎች፣ ብዙ ጊዜም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ውርጭ ፈርቶ እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ሰው በናሙናው ውስጥ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ይሁንና አንድ ቀበሌ ውስጥ፣ በአንድ ውርጭ፣ በእኩል መጠን መሬት የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ኮንትራት ሲሞክር ሌላው የማይሞክርበት ጊዜ አለ። ያንን ልዩነት ሒሳቡ ብቻ አይገልጸውም፤ የእኔ ሙያ ድርሻ እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ጠያቂው፦ መምህሩ ከደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እሑድ ለአጎቴ ደወልኩ። ጋሼ እንዳሉት የዘሩን ነገር ጠየቅሁት፤ በሴት ልጁ ሠርግ ዓመት ዘር ያበደረው ባለመሬቱ እንደ ሆነ፣ ወለድ እንዳልጠየቀውም ነገረኝ። ስለ ኮንትራቱ ሳነሣበት ሳቀና «ልጄ ከተማ ሲኖር ውርጭ ረስቷል» አለ። ጋሼ፣ እዚህ ላይ ልክ ነዎት።

ለአንኮበሯ እህቴ ግን፦ ያን ቀን የተቆጣኝ ማታ ነው፣ እሳት ዳር፣ ከእኔና ከሚስቱ በቀር ሰው በሌለበት። ባለመሬቱ ሄዷል። «አምስቱ ጣቶች» ያለውም ያኔ ነው፤ የሚፈራው ሰው አልነበረም። ትራፊውን ቁና በሒሳብ ልረዳው እችላለሁ፤ ያን ቁጣ ግን በሒሳብ ብቻ አልረዳውም። ወንድሙ፣ ሌላው አጎቴ፣ ያንኑ ዓይነት መሬት እያረሰ ባለመሬቱን ሲረግም ነው የሚውለው። ስለዚህ የሥነ ልቦናው አስተማሪ የያዙት ድርሻ ይያዝላቸው።

የአጎቴ ሚስት ግን ሁለታችንንም አልደገፈችም። ስልኩን ከእጁ ተቀብላ «እኩሉስ ይሁን፤ ጭዱን ለምን ይካፈለናል? እሱ ከብት የለው፣ ወስዶ ይሸጠዋል፤ የእኛ በሬ ያረሰበትን ጭድ የእኛ በሬ ይብላው» አለች። ለመጪው ዓመት ውሉ ከመታሰሩ በፊት ልትናገር አስባለች። በእናንተ አካባቢ ጭዱ እንዴት ነው የሚከፈለው? በተለይ የጅሩና የሞረት ሰዎች ካላችሁ ብትነግሩኝ፤ እናንተ ዘንድ ለአራሹ ብቻ ይቀራል ሲባል ሰምታለች፣ እውነት ከሆነ መከራከሪያ ይሆናታል።